አስታማሚን ማን ያስታምማል?

በሽተኛ ወዳለበት ቤት የሚመጣ ጠያቂ ብርቱካኑን ያስረክባል፤ ታማሚዋን ግንባሯን ይስማል፤ ጥቂት ከተቀመጠ በኋላም ወደ አስታማሚዋ ዞር ብሎ «አንቺ ደግሞ ብዙ አታስቢ» ይላታል። እናቴን ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ ከተያዘና አንደበቷ ከተሳሰረ ወዲህ ይህን ምክር ከዘመድም፣ ከጎረቤትም፣ ከሥራ ባልደረባም ሰምቼዋለሁ። ሁሉም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። ሆኖም ምክሩ ሰው ሊፈጽመው የማይችለውን ነገር ይጠይቃል።

ዳንኤል ዌግነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ድቡ በሐሳባቸው ከመጣ ግን ደወል እንዲመቱ ጠየቃቸው። ደወሉ ደጋግሞ ተመታ። ይበልጥ የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ አሁን እንደልባችሁ አስቡ ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች በበለጠ ስለ ድቡ አሰቡ። የእኛ ቤት ድብ «ዳግመኛ ቢመታትስ?» የሚለው ሐሳብ ነው። በቀን ሥራ ተጠምዶ የዋለ ሰው ያባረረው ይመስለዋል፤ ሌሊት የደም ግፊት መለኪያው ቁጥር ከፍ ብሎ ሲታይ ግን ቀኑን ሙሉ የታፈነው ሁሉ ተሰብስቦ ይመጣል። «ሆድ ይፍጀው» እያሉ መኖር በእኛ ዘንድ የሚያስመሰግን ነገር ነው፤ ሆድ ግን የፈጀው የሚመስለን ነገር አብዛኛውን ጊዜ ወይ ራስ ምታት ወይ ቁጣ ሆኖ ይወጣል፤ የሚያርፈውም በቅርብ ባገኘው ሰው ላይ ነው።

እኔ ይህን ጊዜ እየተሻገርኩት ያለሁት ባለማሰብ አይደለም። የማስበውንና የሚሰማኝን ልብ በማለት፣ ልብ ባልኩት ነገር ላይም ባለመጨከን ነው። ሁለቱን አብሬ የምጠራቸው አንዱ ያለ ሌላው እንደማይበጅ ስላየሁ ነው። ርኅራኄ የሌለው ማስተዋል ራስን መሰለል ይሆናል፤ ሰውየው ድካሙን፣ ንዴቱንና መሰላቸቱን አንድ በአንድ ያያል፣ ባየም ቁጥር ራሱን ይከሳል። ማስተዋል የሌለው ርኅራኄ ደግሞ በሌላው ሕመም ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ ሐሳብ ማብራሪያ ነው።

ማይንድፉልነስ በሚል ስም ዓለም ያወቀውን፣ እኔ አስተውሎት የምለውን ልምምድ ያስተማረችኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሆነች ጓደኛዬ ናት። መጀመሪያ ስትነግረኝ ዓይን ጨፍኖ ፈገግ ማለት፣ ሽቱ ማጨስና ለስላሳ ሙዚቃ መስሎኝ ነበር። ሐሳቤን የቀየረው የት እንደተጀመረ ስሰማ ነው። ልምምዱ ሥሩ በቡድሂዝም ውስጥ ያለ ቢሆንም፣ ወደ ሕክምና የገባው እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። በሞለኪውላር ባዮሎጂ የተመረቀው ጆን ካባት ዚን፣ ሐኪሞቻቸው የሚችሉትን ሁሉ አድርገውላቸው ሕመሙ ግን ያልለቀቃቸውን ሰዎች ሰብስቦ ሥልጠና ጀመረ። ወገብ ሕመም፣ የማያቋርጥ ራስ ምታትና የመሳሰለው ያለባቸው ሰዎች ናቸው። እንዲያስቡ የታዘዙት ስለ ደስታ አልነበረም። በጀርባቸው ተኝተው ከግራ እግራቸው ጣቶች ጀምረው እስከ ራስ ቅላቸው ድረስ አካላቸውን በትኩረት እንዲቃኙት፣ የሚያመውንም ቦታ ሳይዘሉ እንዲያልፉበት ነበር የሚጠየቁት። ሕመሙ ይጠፋል ተብሎም ቃል አልተገባላቸውም። ዓላማው ሕመሙን ራሱን፣ በሕመሙ ላይ ከሚደረበው ፍርሃትና ምሬት ለይቶ ማየት ነበር።

«የማይድን ነገር ይዘው ለሚኖሩ ሰዎች» የሚለው ነገር ጆሮዬን ያቆመው ለዚህ ነው። የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው ያለበት ቤት መፍትሔ የሚጠብቅ ችግር ያለበት ቤት አይደለም። ችግሩ አብሮ ይነጋል፣ አብሮ ይመሻል።

ጓደኛዬ አርባ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማሰላሰልን ከእኔ እንደማትጠብቅ ነገረችኝና፣ በየቀኑ ከማደርገው ነገር አንዱን ብቻ መርጬ በሙሉ ልቤ እንዳደርገው መከረችኝ። እኔ የመረጥኩት የእማዬን እጅ ማጠብ ነው።

የእማዬ ቀኝ እጅ ተጨብጦ ነው የሚውለው። ከስትሮክ በኋላ ጡንቻው እየተኮማተረ ጣቶቿን ወደ ውስጥ ይስባቸዋል፤ በየቀኑ ካልተከፈተ ጥፍሯ መዳፏን ይወጋል፣ ላቡም ቆዳዋን ያቆስለዋል። ለብ ያለ ውኃ በሳህን አድርጌ አልጋዋ ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ። ፊዚዮቴራፒስቷ እንዳሳየችኝ መጀመሪያ አንጓዋን ወደ መዳፏ አቅጣጫ ቀስ አድርጌ አጥፈዋለሁ፤ ያኔ ጣቶቿ ትንሽ ይላላሉ። በኃይል ወይም በፍጥነት ብጎትታቸው ይብስ ይጨበጣሉ። አውራ ጣቷን ከሥሩ ይዤ አወጣዋለሁ፣ ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ ይከተላሉ። መዳፏ ውስጥ ያለው ቆዳ እርጥበት ይዞት ነጣ ብሏል፤ ሽታው የታሰረ ጨርቅ ሽታ ነው። በአመልካች ጣቷ ጎን ምጣድ ያቃጠላት ጠባሳ አለ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ግን ከዚህ በፊት በጣቴ ነክቼው የማላውቀው። በጣቶቿ መካከል ያለውን በለስላሳ ፎጣ አደርቅና የተጠቀለለ ጨርቅ አስይዛታለሁ።

ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይሞላም። በዚህች ጊዜ ውስጥ ሐሳቤ ስንቴ እንደሚሸሽ ማየት ግን ለብቻው ትምህርት ነው። ፋርማሲው የእማዬን መድኃኒት ዛሬም «አልገባም» ይለኝ ይሆን? አለቃዬ በሰኞው መቅረቴ ምን ብሎ ይሆን? የቤት ሠራተኛዋ ለበዓል ሄዳ ባትመለስስ? ስነቃ ውኃው ቀዝቅዟል፣ እጄ ግን እጇን ማሸቱን አላቆመም። ልምምዱ ይህችን መንቃት ነው። ሐሳቡን አልሰድበውም፣ ራሴንም አልቆጣም፤ «ስለ መድኃኒቱ እየሰጋሁ ነው» ብዬ በስሙ እጠራውና ወደ አውራ ጣቷ እመለሳለሁ። ሲሸሽ እንደገና መመለስ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ይህን ነገር በቁጥር አሳይቷል። 2,250 ሰዎችን በቀኑ ውስጥ ባልታሰበ ሰዓት በስልካቸው እየጠየቁ፣ በዚያች ቅጽበት ምን እያደረጉ እንደሆነ፣ ሐሳባቸው የት እንዳለና ምን እንደሚሰማቸው መዘገቡ። ሰዎቹ ከተጠየቁባቸው ጊዜያት በ46.9 በመቶው ሐሳባቸው ከሚያደርጉት ነገር ውጭ ነበር። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላው ውጤት ነው፤ ሰዎች የማይወዱትን ሥራ በሚሠሩበት ጊዜ እንኳ፣ ሐሳባቸው ከሥራው ሲሸሽ ከሥራው ጋር ሲሆን ከሚሰማቸው ያነሰ ደስታ ነበር የሚሰማቸው። አስታማሚ ሁሉ «ሰውነቴ እዚህ ነው እንጂ ልቤስ ሌላ ቦታ ሄዶ ይረፍ» ብሎ ያስባል፤ ልብ ግን በሄደበት አያርፍም፣ ያልመጣውን ነገር ሲያስታምም ነው የሚውለው።

ሌሊቱ የተለየ ነው። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባት በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን መቀየር ስላለብን፣ እንቅልፍ በእኛ ቤት በቁራጭ ነው የሚገኘው። ስልኩ ጮሆ ስነሳ ልቤ በፍርሃት ይመታል፤ ከአልጋዋ እስክደርስ ድረስ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሚረዳኝ የትንፋሽ ነገር ነው፤ ቀስ ብዬ ስቤ፣ ከሳብኩበት ረዘም አድርጌ ማውጣት። ምክንያቱም ምሥጢራዊ አይደለም። ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ ወደ ልብ የሚወርደው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ትንፋሽ በሚወጣበት ጊዜ የልብን ምት ዝግ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ረጅም አወጣጥ ለሰውነት «አደጋው አልፏል» የሚል መልእክት ነው። ከበሩ እስከ አልጋው ባለው ጥቂት እርምጃ የሚደረግ ነገር ነውና፣ ጊዜ የለኝም የሚል አስታማሚ በዚህ ሊያመካኝ አይችልም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እማዬ ታለቅሳለች። አንዳንድ ጊዜ ጎረቤት ሰላም ሲላት፣ አንዳንድ ጊዜ ማስታወቂያ ሲያልፍ፣ አንዳንድ ጊዜም ያለ ምንም ነገር ፊቷ ተሰብስቦ እንባዋ ይወርዳል። ሐኪሙ ይህ ስትሮክ በመታቸው ብዙ ሰዎች ላይ የሚታይ መሆኑን፣ ለቅሶን የሚቆጣጠረው የአንጎል መሥመር ስለተጎዳ እንባው ሁልጊዜ የኀዘን ምልክት እንዳልሆነ አስረድቶኛል። ማወቁ ረድቶኛል፤ ነገር ግን እናቱ ስታለቅስ እያየ «ይህ የመሥመር ጉዳት ነው» ብሎ የሚረጋጋ ልጅ የለም። መናገር ስለማትችልም የትኛው እንባ ኀዘን፣ የትኛው የበሽታው እንደሆነ ለይቶ የሚነግረኝ የለም። ለረጅም ጊዜ መልሴ አብሬያት ማልቀስ ወይም ክፍሉን ለቅቄ መውጣት ነበር። ሁለቱም ከአንድ ቦታ የሚመጡ ይመስሉኛል፤ ሕመሟ የእኔ ሆኖ ስለሚያመኝ ነው።

በጀርመን ላይፕሲሽ ከተማ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ታንያ ዚንገር፣ ኦልጋ ክሊሜኪና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ምርምር ይህን ልዩነት በጥንቃቄ አጥንቶታል። ከእነርሱ ጋር የሠራው ፈረንሳዊው የቡድሂስት መነኩሴ ማቲዩ ሪካር አንጎሉ በማሽን እየታየ፣ በመጀመሪያ የሌሎችን ሥቃይ እንዲሁ ብቻ እንዲጋራ ተጠየቀ፤ ብዙም ሳይቆይ መንፈሱ ዛለ። ከዚያ ወደ ርኅራኄ እንዲሸጋገር፣ ማለትም ሥቃዩን እያየ ለተሠቃየው ሰው መልካምን ከልቡ እንዲመኝ ሲፈቀድለት ነገሩ ተለወጠ። ተመራማሪዎቹ ይህንኑ በተራ ሰዎች ላይ ሞከሩት፤ የሌላውን ሥቃይ መጋራትን ብቻ የተለማመዱት የሥቃይ ምስል ሲያዩ ክፉ ስሜታቸው ጨመረ፣ ቀጥለው ርኅራኄን ሲለማመዱ ግን ክፉው ስሜት ቀነሰ፣ በጎው ስሜትም ከፍ አለ። ሁለቱ በአንጎል ውስጥ የሚቀሰቅሷቸው ቦታዎችም የተለያዩ ሆነው ተገኙ። ጎርፍ የወሰደውን ሰው ለማውጣት አብሮ ጎርፉ ውስጥ መግባትና፣ ዳር ላይ እግርን ተክሎ እጅን መዘርጋት አንድ አይደሉም።

በእኛ ቤት ይህ ምን ይመስላል ቢባል፣ በጣም ቀላል ነው። እማዬ ማልቀስ ስትጀምር የተሰበሰበውን ደረቴን አስተውለዋለሁ። እግሬን ወለሉ ላይ በደንብ አሳርፋለሁ። ደህናውን ግራ እጇን እይዝና፣ ትንፋሼን በማወጣበት ጊዜ በልቤ «እማዬ፣ ሕመምሽ ይቅለልልሽ፤ ልብሽ ይረፍልሽ» እላለሁ። ለቅሶዋን ለማስቆም አልሞክርም፤ «በቃ፣ በቃ» ማለትም ትቻለሁ። አንዳንድ ጊዜ ቶሎ ይቆማል፣ አንዳንድ ጊዜ አይቆምም። ልዩነቱ እኔ አጠገቧ መቆየት መቻሌ ነው። በሽተኛ የሚፈልገው ከሁሉ በፊት የማይሸሽ ሰው ይመስለኛል።

ለሰው መራራትን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረነዋል። ወደ ራስ የሚዞረው ርኅራኄ ግን በእኛ ዘንድ ስም እንኳ በደንብ አልወጣለትም፤ ራስን መውደድ፣ ምቾት መፈለግ፣ «ለራሷ ትሳሳለች» የሚባለው ዓይነት ነገር ሆኖ ይታያል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ክሪስቲን ኔፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ጉዳዩን ለጥናት በሚመች መንገድ ስትተነትነው ሦስት ነገሮች እንዳሉት አሳየች፤ ራስን በደግነት መያዝ፣ የደረሰብን ነገር የሰው ልጅ ሁሉ ዕጣ መሆኑን ማስታወስ፣ ሕመሙንም ሳያጋንኑና ሳይሸሽጉ ማስተዋል። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የእኛው ለቅሶ ቤት ነው። ኀዘንተኛዋ እንዳትራብ በግድ ታጎርሳታለህ፣ ያ ደግነቱ ነው። «ያልደረሰበት ማን አለ» ትላታለህ፣ ያ የሰውነት ዕጣው ነው። አልቅሺ ይውጣልሽ ትላታለህ፣ ያም አለመሸሸጉ ነው። ሦስቱንም ለባዕድ ሰው ሳይቀር ስንሰጥ ኖረን፣ ለራሳችን ሲሆን ጉሮሯችን ይዘጋል።

ይህንኑ የሚያጠብቅ አንድ ነገር ከእንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሐኪም ከፖል ጊልበርት ሥራ አግኝቻለሁ። ራሳቸውን በመውቀስ የሚሠቃዩ ታካሚዎቹ ትክክለኛውን መልስ ያውቁት ነበር፤ «ጥፋቱ የእኔ አይደለም» ብለው ለራሳቸው ይናገራሉ፣ ግን አልረዳቸውም። ጊልበርት በውስጣቸው የሚናገሩት በምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ ያንን ደግ ዐረፍተ ነገር በቁጣና በንቀት ቃና ይሉት እንደነበር ተረዳ። እኔም ሰማሁት። እማዬ ሾርባው ትን ብሏት ስታስል «ቀስ ብለሽ አጉርሺያት አልተባልሽም? አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» የሚለው ድምፅ የውጭ ሰው ድምፅ አልነበረም። አሁን ቃሉን ብቻ ሳይሆን ድምፁን እቀይረዋለሁ፤ እማዬ ጤነኛ በነበረችበት ጊዜ ወድቄ ስነሳ ትለኝ በነበረው ድምፅ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አንቺም ሰው ነሽ» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። ብቻዬን በሆንኩበት ክፍል ውስጥ እንኳ ዙሪያዬን አይ ነበር።

ይህን ሁሉ ስናገር የሚያኮርፉኝ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አሉ፤ ከባዕድ ሃይማኖት የመጣ ነገር ነው ይሉኛል። ሥጋታቸውን አልንቀውም፤ ጸሎት ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው፣ ይህ ልምምድ ግን ለማንም አይቀርብም፣ ስለዚህ አንዱ የሌላው ምትክ ሊሆን አይችልም። እኔም ሁለቱን አልቀላቅልም። ነገር ግን ትኩረትንና ርኅራኄን አብሮ ማስኬድ ለእኛ እንግዳ ነው የሚለውን አልቀበልም። ሴት አያቴ መቁጠሪያዋን ይዛ አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስትል፣ ልቧ ሲባዝን ቀጣዩ ፍሬ ላይ የምትመልሰው በጣቷ ነበር። በመጻሕፍተ መነኮሳት ጉባኤ ከሚተረጐሙት አባቶች አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ ስለሚራራ ልብ ሲናገር፣ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለአዕዋፍ፣ ለአራዊትና ለአጋንንት ሳይቀር የሚቃጠል ልብ ነው ይላል። ይህ የሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሶርያዊ አባት የተወለደው የዛሬዋ ኳታር ባለችበት አካባቢ ነው፤ ብዙ እህቶቻችን ዛሬ የሰው እናት እያስታመሙ በሚውሉበት በዚያ ባሕረ ሰላጤ ማለት ነው። ነገሩ ከእኔ ጉዳይ ትንሽ የራቀ ቢሆንም ሳስበው ልቤን ይነካኛል።

አጥር የሚያዋስኑን ሙስሊም እናት ደግሞ ከማንም ክርክር ውስጥ ሳይገቡ አንድ ከሰዓት መጥተው «ልጄ፣ አንቺ ሂጂና ጋደም በዪ፤ እኔ እዚህ ተቀምጬ ዚክሬን አደርሳለሁ፣ ለእሳቸውም ዱዓ አደርግላቸዋለሁ» አሉኝ። ሙስበሓቸውን በአንድ እጅ፣ የእማዬን እጅ በሌላው ይዘው ነበር ስነሳ ያገኘኋቸው።

ከዚህ ከበድ ያለ ተቃውሞ ግን አለ፤ ይህ ነገር የጠገበ ሰው ቅንጦት ነው የሚለው። የቤት ኪራይ የጨመረበት፣ መድኃኒት መግዣ ያጣ ሰው ትንፋሽህን ልብ በል ቢባል ቢሳደብ አይፈረድበትም። ለዚህ ተቃውሞ ግማሽ መልስ የሰጠኝ በሰሜን ዩጋንዳ በራይኖ ካምፕ የስደተኞች መንደር የተደረገ ጥናት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና ስሜትን ማስተዋልን፣ እግርን መሬት ላይ አስረግጦ መረጋጋትንና ለራስም ለሌላም ደግ መሆንን የሚያስተምር ሥልጠና፣ ከጦርነት ሸሽተው ለመጡ 694 ደቡብ ሱዳናውያን ሴቶች በተደረገ ጥናት ተፈተነ። ሥልጠናው እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት በሚፈጅ አምስት ክፍለ ጊዜ፣ በተቀረጸ ድምፅና በሥዕል በተዘጋጀ መጽሐፍ፣ የአእምሮ ሐኪም ባልሆኑ ሴቶች አስተባባሪነት ነበር የተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ውጤት እንዳሳየው ሥልጠናውን የወሰዱት ሴቶች ጭንቀት ካልወሰዱት ይልቅ ቀነሰ፤ ከሦስት ወር በኋላም ልዩነቱ ጠቦ ቢሆንም ይታይ ነበር። ምቾት ላይ ያሉ ሰዎች አይደሉም እነዚህ።

ግማሽ መልስ ያልኩት ሌላው ግማሽ ስለሚቀር ነው። ትንፋሽ ዳይፐር አይገዛም። አሠሪ ለአስታማሚ ሠራተኛው ፈቃድ መከልከሉን ሳያቆም የመረጋጋት ሥልጠና ቢያዘጋጅለት፣ ያ ርኅራኄ ሳይሆን ድምፅን ማፈኛ ነው። ልምምዱ ለሁሉም ሰው፣ በሁሉም ጊዜ የሚስማማም አይደለም። ከባድ ድንጋጤ ያሳለፈ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ሲከተል ያ ያሳለፈው ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ በአካባቢው ያለውን ነገር እያየና እየነካ ቢለማመድ፣ ካስጨነቀውም ቢተወው ይሻላል። ለድብርትም ቢሆን ጥናቱ የሚለውን በልኩ መውሰድ ነው። ቲስዴል፣ ሲጋልና ዊልያምስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሙከራ፣ በአስተውሎት ላይ የተመሠረተው ሕክምና ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ በድብርት የታመሙ ሰዎችን ዳግም ሕመም በግማሽ ያህል ቢቀንስም፣ ሁለት ጊዜ ብቻ የታመሙትን አልጠቀመም፤ የተሰጠውም ሕመሙ ለቅቋቸው ለነበሩ ሰዎች ነው። ስለዚህ እንቅልፍ ጨርሶ የከዳው፣ መኖር ያስጠላው ሰው የእኔን ብሎግ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው። አማኑኤል ሆስፒታል ሄደ መባልን ከሞት የበለጠ የምንፈራ ሰዎች ብዙ ነን፤ ይህም አንዱ በራሳችን ላይ የምንጨክንበት መንገድ ነው።

ወንድሜ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። በሩቅ ያለ ልጅ ሕመም ሌላ ዓይነት ነው፤ ማየት የማይችለውን ነገር በትእዛዝ ለማስተካከል ይሞክራል። «ፊዚዮቴራፒስቷን ለምን አትቀይሪም? ሌላ ሐኪም አሳዪያት እኮ» ሲለኝ፣ እኔ የምሰማው ክስ ነበር። አንድ ቀን በንዴቴ ውስጥ ሆኜ ድምፁን ብቻ አዳመጥኩት፤ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነበር። «ምን ላድርግ፣ እህቴ? ብር ከመላክ ውጭ ምን ላድርግ?» አለኝ። ያኔ ነው የሰዓት ልዩነቱ ለአንድ ነገር እንደሚጠቅም ያወቅነው። በእኛ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ እርሱ ከሥራ ገብቶ እራቱን በልቶ ነው። አሁን በዚያ ሰዓት ታብሌቱን ትራሷ አጠገብ አቆምና አጠገባቸው ባለው ፍራሽ ላይ እተኛለሁ። እርሱ ያወራታል፣ የድሮ ሰፈራችንን ሰዎች አንድ በአንድ ያነሣላታል፣ መዝሙር ያሰማታል፤ ስታለቅስም አይዘጋውም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃታል። የምፈለግ ከሆነ ስሜን ይጠራል። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከየትም አላገኝም።

ለሞት በእኛ አገር ሙሉ ሥርዓት አለው። ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ሣልስቱ፣ አርባው እያለ ኀዘንተኛው መቼ ማን እንደሚመጣለት ያውቃል። ለረጅም ሕመም ግን ይህ የለም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፣ ከዚያ ሰዉ ወደ ኑሮው ይመለሳል፣ በሽተኛውና አስታማሚው ብቻቸውን ይቀራሉ። ሰዉ ከፍቶ አይደለም። ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው ልማድ ስለሌለው ነው። ስለዚህ የዕድራችን ሴቶች በየተራ ለአንድ ከሰዓት ታማሚ ቤት እንዲቀመጡና አስታማሚዋ እንድትወጣ የሚል ሐሳብ በስብሰባ ላይ አቀረብኩ። ጸሐፊው «እኔኮ አልጠላሁትም፤ ግን ደንባችን የሚለው ስለ ሞት ነው» አሉ። አንዲት በዕድሜ የገፉ አባል ከኋላ ሆነው «እንግዲያው ሳልሞት ለምን እከፍላለሁ?» ብለው ሰዉን አሳቁት።

ሳቁ ጠቀመን። ደንቡ እስኪስተካከል በፈቃደኝነት ይጀመር ተባለና ሁለት ሴቶች ለቅዳሜ ተመዘገቡ። እኔም በመጀመሪያው ቅዳሜ ፀጉሬን ልሠራ ወጣሁ፤ ሠሪዋ ስታጥበኝ ሐሳቤ ቤት ነበር፣ መለስኩት፣ እንደገና ሄደ፣ እንደገና መለስኩት። አሁን የቀረው የደንቡ ማሻሻያ ነው። ጸሐፊው «ታማሚ» ሲባል ማንን እንደሚጨምር፣ «አስታማሚ» ሲባልስ የቤት ሠራተኛን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ እንዲብራራላቸው ጠይቀዋል፤ ረቂቁን እኔ ነኝ የምጽፈው፣ የቤት ሠራተኛዋንም አስገብቻታለሁ።